ስለ ምርመራ ልክ ዝንፈትና ስለ መለኪያው

ከአርባ ምንጭ ወደ ሰሜን ተጕዞ ከአባያ ሐይቅ ቈላ ወደ ጋሞ ደጋ ሲወጣ የኦቾሎ መንደር ይገኛል። መንደሩ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,200 ሜትር በሚደርስ ከፍታ፣ በገደልና በቋጥኝ መካከል የተቈረቈረ ነው። በቋጥኙ ዋሻና ስንጥቅ ሽኮኮ ይኖራል። በዚያው ስንጥቅ ውስጥ ቀኑን ተሸሽጋ ሌሊት የምትወጣ፣ ከወባ ትንኝ የምታንስ፣ የአሸዋ ዝንብ የምትባል ደም መጣጭ አለች። እርስዋም ከሽኮኮ የወሰደችውን ተሕዋስ ወደ ሰው ታስተላልፋለች። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ቁንጭር የሚባለው፣ በሳይንስ ስሙ ሌይሽማንያሲስ የተባለው የቈዳ ቍስል የሚነሣው ከዚህ ነው። ተሕዋሱ ሌይሽማንያ ኤቲዮፒካ ይባላል። የውጭና የአገር ውስጥ ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1973 ዓ.ም. ስለ ኦቾሎ ጽፈዋል፤ በ1992 ዓ.ም. የታተመው ሁለተኛ ጥናት ደግሞ ከሦስት ሺህ በሚበልጡ የመንደሩ ሰዎች ላይ በተደረገ ምርመራ ከ100 ሰው 4 ያህሉ ያልዳነ ቍስል እንዳለበት፣ ሕፃናትም ከሌላው ይልቅ እንደሚጐዱ ገልጧል። ቍስሉ በአብዛኛው በፊት ላይ ይወጣል፤ ወራት አንዳንዴም ዓመታት ይቈያል፤ ሲድንም ጠባሳ ይተዋል።

እንግዲህ አንድ የኦቾሎ ተማሪ በጕንጩ ላይ እንዲህ ያለ ቍስል ወጥቶበት ወደ ሕክምና ሄደ እንበል። የምርመራው ሠራተኛ ከቍስሉ ጥቂት ፍቆ በስላይድ ላይ ቀብቶ፣ ጊምሳ በሚባለው ማቅለሚያ ነክሮ፣ በማይክሮስኮፕ አይቶ «አልተገኘም» ብሎ ጻፈ። ወላጆቹም ወረቀቱን ይዘው «የለበትም» ተብለናል እያሉ ተመለሱ። ሠራተኛው አልዋሸም፤ ያላየውን አላየሁም ብሎ ጽፏልና። ነገር ግን «አልተገኘም» እና «የለም» ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። በሁለቱም መካከል ያለው ርቀት ሊለካ የሚችል ነገር ነው። ይህ ጽሑፍ የሚነጋገረው ስለዚሁ ርቀት ነው።

ነገሩን ለመረዳት ከቍስሉ ለጥቂት ጊዜ ወጣ ብለን፣ በቍጥር ስለሚነገረው ምርመራ፣ ይኸውም በደም ውስጥ ስላለው የስኳር ልክ ብንጀምር ይቀላል።

ሁለት የምርመራ ክፍሎች አሉ እንበል። ለሁለቱም የስኳሩ ልክ በትክክል 100 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር መሆኑ በሌላ ስፍራ ተረጋግጦ የታወቀ አንድ ዓይነት ናሙና ተላከላቸው፤ አሥር ቀን በየቀኑ እንዲለኩትም ታዘዙ። የመጀመሪያው ክፍል ያገኘው 107፣ 109፣ 108፣ 108፣ 106፣ 110፣ 108፣ 107፣ 109፣ 108 ነው። ሁለተኛው ደግሞ 92፣ 108፣ 97፣ 103፣ 88፣ 112፣ 95፣ 105፣ 90፣ 110 አገኘ። ማንኛውም ሰው ሁለቱን ተራ ቢያይ የመጀመሪያውን ያመሰግናል፤ ቍጥሩ አንድ ቦታ ረግቶ ይታያልና። አማካዩ ሲወጣ ግን የመጀመሪያው 108፣ የሁለተኛው 100 ይሆናል። ሁለተኛው በየቀኑ ይዋዥቃል እንጂ እውነቱን መካከሉ አድርጎ ይዞራል፤ የመጀመሪያው አይዋዥቅም፤ ነገር ግን ዘወትር 8 ያህል ከፍ ብሎ ይሳሳታል። የሁለተኛውን ጥፋት መዋዠቅ እንለዋለን። የመጀመሪያውን ደግሞ ዝንፈት እንለዋለን፤ ይኸውም ከእውነተኛው ልክ ወደ አንድ ወገን ብቻ ማዘንበል ማለት ነው። አለካኩም ከዚህ የከበደ አይደለም፤ ከአማካዩ ላይ እውነተኛው ልክ ይቀነሳል፤ የቀረው ለእውነተኛው ልክ ተካፍሎ በ100 ይባዛል። በምሳሌአችን 8 በመቶ ነው።

ከሁለቱ ጥፋቶች የትኛው ይብሳል? መዋዠቅ መጥፎ ነው፤ ግን መድኀኒት አለው። ምርመራው ቢደጋገም ከፍ ያለውና ዝቅ ያለው እየተጣፋ ወደ እውነቱ ይቀርባል። ዝንፈት ግን በመደጋገም አይድንም። በባዶ ሆድ የተለካ የደም ስኳር 126 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን የስኳር በሽታ ምልክት ነው ይባላል፤ ሌላ የሕመም ምልክት ለሌለው ሰው በሌላ ቀን ተደግሞ እንዲለካ ይታዘዛል። እውነተኛ ልኩ 118 የሆነ ሰው በመጀመሪያው ክፍል ቢለካ 127 ያህል ይነገረዋል። «ተጠራጥሬአለሁ፣ ድገሙልኝ» ቢል በማግሥቱም 127 ወይም 126 ይባላል። ሁለት ጊዜ ተለክቶ ሁለቱም አንድ ሆነ ተብሎ የስኳር በሽተኛ ተደርጎ ይመዘገባል። መደጋገሙ ስሕተቱን አላረመም፤ የእውነት ማኅተም አስመታለት እንጂ።

እዚህ ላይ መምህራን ለተማሪዎቻቸው ሊገልጹት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ከሁለተኛው ክፍል አሥር ቍጥሮች በአማካዩ እርግጠኛ መሆን አይቻልም፤ መዋዠቁ ብዙ ስለሆነ ሦስት ወይም አራት ያህል የሆነ ዝንፈት ቢኖርበት እንኳ በአሥር ልኬት ብቻ ሊለይ አይችልም። የመጀመሪያው ክፍል ግን መዋዠቁ 1 ያህል ብቻ በመሆኑ 8ቱ ዝንፈት በግልጥ ይታያል። ስለዚህ ዝንፈትን መለካት የፈለገ አስቀድሞ መዋዠቁን መቀነስ ወይም ብዙ ጊዜ መለካት ይገባዋል።

ደግሞም በአንድ ልክ ብቻ የተፈተነ መሣሪያ የዝንፈቱን ጠባይ አይገልጥም። በ100 ላይ 8 የጨመረው መሣሪያ 300 የሆነ ናሙና ቢሰጠው 308 ይላልን ወይስ 324? በየትኛውም ልክ አንድ ዓይነት ቍጥር የሚጨምር ከሆነ ምናልባት መነሻው፣ ማለት ዜሮው አልተስተካከለም። ከልኩ ጋር አብሮ የሚያድግ ከሆነ ግን ምናልባት መሣሪያው በተስተካከለበት ናሙና ላይ ወይም በሚወሰደው የደም መጠን ላይ ስሕተት አለ። ስለሆነም ቢያንስ ዝቅ ያለና ከፍ ያለ ሁለት ናሙና ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ሲባል ዋናው ጥያቄ ገና አልተነካም። እውነተኛው ልክ ከየት ይመጣል?

በብዙ የምርመራ ክፍሎች ግድግዳ ላይ የመቈጣጠሪያ ግራፍ ተሰቅሎ ይታያል። ይህ ዘዴ ከፋብሪካ የተወሰደ ነው፤ ሸዋርት የተባለው አሜሪካዊ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1924 ዓ.ም. ለፋብሪካ ሥራ ያወጣውን ሐሳብ ሌቪና ጄኒንግስ በ1950 ዓ.ም. ወደ ሕክምና ምርመራ ክፍል አመጡት። በመካከል አንድ መስመር ይሰመራል፤ ከላይና ከታች ደግሞ የመዋዠቅ ወሰን ይደረጋል፤ በየቀኑ የመቈጣጠሪያው ናሙና ውጤት በነጥብ ይመለከታል። ዌስትጋርድ የተባለው ሊቅና ባልደረቦቹ በ1981 ዓ.ም. ባወጡት ደንብ ደግሞ አሥር ነጥቦች በተከታታይ ከመስመሩ በአንድ ወገን ብቻ ከዋሉ፣ አንዳቸውም ከወሰኑ ባይወጡ እንኳ፣ ዝንፈት ተነሥቷል ተብሎ ሥራው እንዲመረመር ይደረጋል። መልካም ደንብ ነው።

ይሁን እንጂ መካከለኛው መስመር የተሰመረው በምን ላይ ተመሥርቶ ነው? ጸሐፊው ይህን የሚጠይቀው ስላየው ነው። ስሙን መጥቀስ በማያስፈልግ አንድ የምርመራ ክፍል ነጥቦቹ ሁሉ በመስመሩ ዙሪያ ተሰልፈው፣ ግራፉ ለዓይን ደስ የሚያሰኝ ሆኖ አገኘው። ቢጠይቅ መስመሩ የተሰመረው ከዚያው መሣሪያ የመጀመሪያ ሃያ ቀን ውጤት አማካይ ነበር። እንዲህ ያለው ግራፍ መሣሪያው ከትናንቱ መለወጡን ይናገራል፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተሳስቶ እንደ ሆነ ግን ሊናገር አይችልም። በገበያ ያለ ነጋዴ የኪሎውን ብረት ከራሱ ሚዛን ጋር ብቻ እያመሳከረ «ሚዛኔ ዛሬም እንደ ትናንቱ ነው» ቢል እውነቱን ነው፤ ገዢውን ግን አይጠቅመውም። በእርግጥ ክፍሉ የራሱን አማካይ መያዙ ስሕተት አይደለም፤ የመዋዠቁ ወሰን የሚገኘው ከዚያ ነውና። ጥፋቱ በዚያ መብቃቱ ነው።

ስለዚህ ልኩ ከውጭ መምጣት አለበት። የሚመጣበትም መንገድ ሦስት ነው ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ልኩ በታላላቅ የመለኪያ ተቋማት ተረጋግጦ የምስክር ወረቀት የተሰጠው ናሙና ነው። ከሁሉ የታመነ ነው፤ ግን ዋጋው ከፍተኛ ስለሆነ ለትንሽ ጤና ጣቢያ የሚታሰብ አይደለም። ሁለተኛው የአንድ ሕመምተኛን ደም ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ወደተሻለ የምርመራ ክፍል መላክ ነው። አንድ ሁለት ሳይሆን አርባ ያህል ናሙና፣ ዝቅተኛውንም ከፍተኛውንም ልክ ያካተተ፣ ቢነጻጸር የዝንፈቱ መጠንና ጠባይ ይታወቃል። ነገር ግን ለሁለተኛው መንገድ መጠንቀቅ ያሻል፤ ደም ተቀድቶ ሳይለይ ሲቀመጥ ሴሎቹ ስኳሩን ይበሉታልና በተራ ሙቀት በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ይቀንሳል። በኦቾሎ ተቀድቶ ወደ አርባ ምንጭ እስኪወርድ ሁለት ሰዓት የፈጀ ደም ሁለቱ መሣሪያዎች ፍጹም ትክክል ቢሆኑ እንኳ የአሥር በመቶ ያህል ልዩነት ያሳያል። ያን ጊዜ ዝንፈቱ በመንገድ ላይ የተፈጠረ እንጂ የመሣሪያው አይደለም።

ሦስተኛው በአንድ ማዕከል የሚዘጋጅ የውጭ ፈተና ነው። ቤልክና ሰንደርማን የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ ለሚገኙ የሆስፒታል ምርመራ ክፍሎች አንድ ዓይነት ናሙና ልከው ውጤታቸውን ሰብስበው በ1947 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ባሳተሙ ጊዜ፣ ብዙዎቹ ክፍሎች ከእውነተኛው ልክ እጅግ ርቀው መገኘታቸው ታላቅ ድንጋጤ ፈጥሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዘዴው በዓለም ተስፋፍቷል። በአገራችንም የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይህን ዓይነት ፈተና ያካሂዳል፤ የወባና የሳንባ ነቀርሳ ስላይዶችም በሁለተኛ መርማሪ እንደገና የሚታዩበት ሥርዓት አለ። በዚህ ሥርዓት ሁለተኛው መርማሪ የመጀመሪያውን ውጤት እንዳያውቅ ይደረጋል። ምክንያቱም ቢያውቅ ዓይኑ ሳያስበው ወደ ተጻፈው ያዘነብላል፤ ዝንፈትን ሊለካ የተቀመጠውም ራሱ ዝንፈት ይይዘዋል።

አንድ ምሳሌ ከቤተ ሙከራ አውጥተን ወደ ትምህርት ቤት እናምጣው። የደም ማነስ የሚታወቀው በሄሞግሎቢን ልክ ነው። በአንዱ የታወቀ ዘዴ 20 ማይክሮ ሊትር ደም በፒፔት ተወስዶ በ5 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ይበጠበጣል፤ ከዚያም የቀለሙ ድምቀት ይለካል። ፒፔቱ በ20 ፈንታ 22 የሚስብ ከሆነ ውጤቱ ሁሉ በአሥር በመቶ ከፍ ይላል። ታዲያ 20 ማይክሮ ሊትርን ማን ያያል? አንድ ሚሊ ሊትር ውሃ አንድ ግራም ያህል ይመዝናል፤ 20 ማይክሮ ሊትር ደግሞ የአንድ ሚሊ ሊትር ሃምሳኛ ነው። ስለዚህ በዚያ ፒፔት ሃምሳ ጊዜ ውሃ እየሳቡ በትንሽ ጠርሙስ ቢያጠራቅሙ አንድ ግራም መሆን አለበት። 1.1 ግራም ከሆነ ዝንፈቱ ተገኘ። የግራም አሥረኛን የሚለይ የትምህርት ቤት ሚዛን ይበቃል፤ የግራም መቶኛን የሚለይ ቢገኝ የተሻለ ነው። ውሃው እንዳይተን ጠርሙሱ አፈ ጠባብ ይሁን፤ ሥራውም በአንድ ትንፋሽ ይፈጸም። በየጊዜው የሚታየው ጥቂት የእጅ መዋዠቅ በሃምሳው ድምር ውስጥ ይጣፋል፤ ዝንፈቱ ግን ሃምሳ ጊዜ ተደምሮ በሚዛኑ ላይ ይወጣል።

ይህ ስለ እናቶች ሲታሰብ ቀላል ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ባወጣው መመሪያ በእርግዝና የመጀመሪያና የመጨረሻ ሦስት ወራት ከ11 ግራም በዴሲ ሊትር በታች የሆነ ሄሞግሎቢን የደም ማነስ ነው። በከፍታ የሚኖር ሰው ግን አየሩ ስስ ስለሆነ ሰውነቱ ብዙ ሄሞግሎቢን ይሠራል፤ ስለዚህ ከ1,500 እስከ 2,000 ሜትር ባለው ከፍታ ለሚኖር ወሰኑ በ1.1 ከፍ እንዲል ታዟል፤ ይኸውም 12.1 መሆኑ ነው። እውነተኛ ልክዋ 11.2 የሆነ አንዲት የኦቾሎ ነፍሰ ጡር የደም ማነስ አለባት። በተበላሸው ፒፔት ስትለካ ግን 12.3 ይወጣና ደኅና ነሽ ትባላለች። መሣሪያው ትክክል ሆኖ 11.2 ቢልም፣ መርማሪው ከፍታውን ሳያስብ በ11 ወሰን ከፈረደ፣ አሁንም ደኅና ነሽ ትባላለች። አንዱ የመለኪያ ዝንፈት ነው፤ ሌላው የወሰን ዝንፈት ነው። ለእናቲቱ ግን ልዩነት የለውም፤ የብረት ክኒኑን ሳትቀበል ትመለሳለች።

በወባ ምርመራም የተሸሸገ ዝንፈት አለ። የአባያና የጫሞ ዳርቻ ቈላ የወባ አገር መሆኑን የአርባ ምንጭ ሰው ሁሉ ያውቃል። መርማሪው በደሙ ውስጥ ያለውን የወባ ተሕዋስ ብዛት ሲቈጥር ነጭ የደም ሴሎችንም አብሮ ይቈጥራል። ከዚያም የሰው ነጭ ሴል በአንድ ማይክሮ ሊትር 8,000 ነው ብሎ ያሰላል። በ200 ነጭ ሴል መካከል 50 ተሕዋስ ቢያገኝ 2,000 ብሎ ይጽፋል። የሕመምተኛው ነጭ ሴል በእውነቱ 5,000 ብቻ ቢሆን ግን ትክክለኛው 1,250 ነበር። ስሕተቱ በመርማሪው ዓይን አይደለም፤ በስሌቱ ውስጥ የተቀመጠ ነው፤ እጅግ ጐበዝ መርማሪም አያመልጠውም። ስለዚህ ነጭ ሴሉን ራሱን መቍጠር በሚቻልበት ስፍራ ሁሉ 8,000ን መተው ይሻላል።

በተቃራኒው ደግሞ ዝንፈት የሚመስል፣ ግን እውነት የሆነ ነገር አለ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1990ዎቹ የኢትዮጵያና የኔዘርላንድ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ጤነኛ ኢትዮጵያውያንን ሲመረምር፣ ሲዲ ፎር የተባለው የመከላከያ ሴል ቍጥራቸው ከኔዘርላንድ ሰዎች ያነሰ ሆኖ ተገኘ። መሣሪያው አሳንሶ ይለካልን ወይስ ቍጥሩ በእውነት ያነሰ ነው? ይህን ለመለየት ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ የሁለቱንም አገር ሰዎች በተመሳሰለ ዘዴ መለካትና ዘዴውን ከውጭ በመጣ ልክ ማመሳከር። ከውጭ የመጣ ልክ የሌለው ሰው አገሩንም መሣሪያውንም በከንቱ ይወቅሳል።

አሁን ወደ ኦቾሎው ተማሪ እንመለስ። በእርሱ ምርመራ ቍጥር የለም፤ «ተገኘ» ወይም «አልተገኘም» ብቻ ነው። ቢሆንም ዝንፈቱ በዚያው ሕግ ይለካል። በሽታው እንዳለባቸው በሌላ በተሻለ ዘዴ፣ ለምሳሌ ፒ ሲ አር በሚባለው የዘር ምርመራ፣ የተረጋገጠላቸው ሰዎች ስላይድ ለመርማሪው ይሰጠዋል፤ ከስንቱ ስንቱን እንዳገኘ ይቈጠራል። ከ20 የተረጋገጡ 13ን ቢያገኝ ሰባቱ አመለጡት። በጥንቃቄ በሚሠራ ክፍል የሌለውን አለ ማለት ጥቂት ስለሆነ ስሕተቱ ሁሉ ወደ አንድ ወገን፣ ወደ «አልተገኘም» ያዘነብላል። በሌይሽማንያ የማይክሮስኮፕ ምርመራ ከዘር ምርመራው ጋር ሲነጻጸር ብዙ እንደሚያመልጠው በየአገሩ የታወቀ ነው።

የሚያመልጥበትም ምክንያት ብዙውን ጊዜ ከማይክሮስኮፑ በፊት ያለ ነው። ናሙናው ከቍስሉ መካከል፣ መግልና ቅርፊት ካለበት ከተወሰደ ተሕዋሱ አይገኝም፤ መወሰድ ያለበት ካበጠው ጠርዝ ነው። ደም ከበዛበት ይቀጥናል። ቍስሉ ብዙ ወራት የቈየ ከሆነ ተሕዋሱ በውስጡ ጥቂት ነው። የማቅለሚያው ውሃ አሲድነት ካልተስተካከለ የተሕዋሱ አካል ደብዝዞ ይታያል። በመጨረሻም መርማሪው ጥቂት ቦታ ብቻ አይቶ ከተወ፣ ያላየው ቦታ ሁሉ «የለም» ተብሎ ይቈጠራል። ከእነዚህ አብዛኛው በአንድ ክፍል ውስጥ በየቀኑ በአንድ ዓይነት የሚደረግ ልማድ ስለሆነ ሕመምተኛው በዚያው ክፍል ቢመላለስ በየጊዜው የሚያገኘው ያንኑ ቃል ነው።

ዝንፈት ሲገኝ ምን ይደረጋል? አንዳንድ ሰው «8 ይጨምራል ማለት ነው፤ እንግዲያስ ከእያንዳንዱ ላይ 8 ልቀንስ» ይላል። ይህ አይገባም። መንሥኤው ሳይታወቅ የተቀነሰ ቍጥር፣ መንሥኤው በማግሥቱ ቢወገድ ወይም ቢብስ፣ ሌላ ዝንፈት ይሆናል። መጀመሪያ መንሥኤው ይፈለግ፤ መሣሪያው እንደገና ይስተካከል፤ ከዚያም ዝንፈቱ ከተነሣበት ቀን ጀምሮ የተሰጡት ውጤቶች፣ በተለይ በወሰኑ አጠገብ ያሉት፣ ተመልሰው ይታዩ። ይህ የመጨረሻው ሥራ ከሁሉ የሚያሳፍርና ከሁሉ የሚዘነጋ ነው፤ ነገር ግን 127 ተብሎ ክኒን የጀመረው ሰው የሚገኘው በዚያ መዝገብ ውስጥ ነው።

በኦቾሎና በአካባቢው ያላችሁ መምህራን፣ በተማሪ ፊት ላይ ከአንድ ወር በላይ የቈየ፣ የማያሳምም፣ ጠርዙ ያበጠ ቍስል ስታዩ፣ ወደ ጤና ጣቢያ በምትጽፉት ማስታወሻ ልጁ ከኦቾሎ መሆኑንና ቍስሉ የወጣበትን ወር ጥቀሱ። ውጤቱ «አልተገኘም» ቢሆንና ቍስሉ ግን ባይድን፣ ናሙናው ከጠርዙ እንደገና እንዲወሰድ፣ ቢቻል በሌላ የምርመራ ክፍል እንዲታይ ወላጆቹ ይጠይቁ። የመጀመሪያው ስላይድም ታጥቦ ለሌላ ሥራ እንዳይውል ቢለመን መልካም ነው፤ በደረቅ ሣጥን ከተቀመጠ ሁለተኛው መርማሪ ያንኑ ስላይድ አይቶ፣ ተሕዋሱ በላዩ ሳለ እንዳለፈ ወይም ከመጀመሪያው በላዩ እንዳልነበረ መለየት ይችላል።